ያልተረገጠው ባና

አባዬ፣

ገብሱ ሲታጨድ ጥለኸኝ ሄድክ፤ ይኸው ከጓሯችን ያለው ገብስ ደግሞ እሸት ሆኗል። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ቀኑ እንዴት ይሮጣል!» ይላል። እኔ ዘንድ አልሮጠም። እኔ ዘንድ እንደኔው እያነከሰ ነው ያለፈው።

ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ በር ዘግተን ሁለታችን ስንቀር ደግሞ አንተ። አንድ ቀን ገበያ መሀል አምልጦኝ «አባዬ፣ ና እንጂ!» ስልህ ሳቅህን በጋቢህ ጫፍ ሸፍነህ አለፍክ። ቤት ስንደርስ «ሰው ምን ይላል?» ብለህ ልትቆጣኝ ሞከርክ፤ አልሆነልህም። የቀብርህም ዕለት ሕዝብ ፊት የጮኽኩት አንተ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም የምጽፈው ቤታችን ውስጥ፣ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው መደብ ፊት ለፊት ሆኜ ነውና አንተ እልሃለሁ።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። የሽመና ጉድጓድህን በሳንቃ ከድኜዋለሁ። እንዳትቀየመኝ፤ አንድ ቀን ምርኩዜ አፋፉ ላይ ተንሸራቶ እኔም ተከትዬው ልገባ ነበር። መወርወሪያህ ግን ካስቀመጥክበት አልተነቃነቀም። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች፤ አንደኛው ግልገል ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ምሳ ስበላ እየመጣ የነጠላዬን ጫፍ ያኝካል። ያ የሚያፈሰው የጣራ ቆርቆሮም ተቀየረ። እኔ ከታች ሆኜ እያዘዝኩ ነው ያሠራሁት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት ይዘን የምንሯሯጠው ነገር ቀረ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ድስቱን ይዤ የሚንጠባጠብ ቦታ ስፈልግ ራሴን አገኘሁት።

ሥራ ካልከኝ፣ አንተ የተመኘህልኝን ወንበር ገና አላገኘሁም። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እቆማለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ስገባ የሁሉም ዓይን ምርኩዜ ላይ አርፎ ቀረ። ስለ ሞተር አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ «የመስክ ሥራ ነው፤ እንዴት ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ። እንዴት እንደማደርገው ልነግራቸው አፌን ስከፍት «እንደውልልሻለን» ተባልኩ። ስልኬ እስካሁን ዝም ነው። እኔ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ያን ታውቃለህ፣ መቀመጥ አልችልበትም። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲያስቸግር የሚጠሩት እኔን ነው፤ ቺንጋ ሲበጠስ፣ የልብስ ስፌት መኪና ሲነክስ፣ የፀሐይ መብራት ሲጠፋ። «ኢንጂነሯ» ይሉኛል። ከኋላዬ ደግሞ «የሰውን ብሎን ታጠብቃለች፣ የራሷ ላልቶባት» ይላሉ። ሲሉ እሰማቸዋለሁ። አንዳንዱን ቀን እስቃለሁ፣ አንዳንዱን ቀን አልችልም።

ብሎን የሚሉት ብረቱን ነው። አንተ ታውቀዋለህ፤ ሌላ የሚያነብ ካለ ግን እንዲገባው አንዴ ልድገመው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተገልብጦ ዳሌዬ ተሰበረ። ቆይቶም የአጥንቱ አናት ሞተ ተባለ። አዲስ አበባ ወስደኸኝ መገጣጠሚያው ወጥቶ በቦታው ብረት ገባልኝ። ያን ሰሞን እንዴት ደስ ብሎን እንደነበር! ለምረቃዬ ያለ ምርኩዝ መድረክ ላይ ስወጣ ከሁሉም ወላጅ በላይ ያጨበጨብከው አንተ ነበርክ፤ ጓደኞቼ እጅህ ከእንጨት የተሠራ ነው ወይ ብለው ቀልደዋል። ከዚያ ግን ሕመሙ ተመለሰ። እግሬ አጠረ። ጠዋት ስነሳ ዳሌዬ ውስጥ የሆነ ነገር ከቦታው ሲንሸራተት ይሰማኝ ጀመር። ሐኪሙ ራጁን ብርሃኑ ላይ ሰቅሎ ብረቱ አጥንቱን እንዳልያዘ፣ እንደላላ ነገረን። አዲሱ እግሬ ከሸፈ። አሁን ደግሞ ቢከፍቱት አጥንቱ እንደማይችለው ነገረን። «በመጀመሪያ በዳሌዋ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይጠንክር። ከዚያ እናያለን። እስከዚያው ቀስ በቀስ ትርገጥ» አለ።

ቀስ በቀስ ትርገጥ። አንተ ይህን ቃል በጥንቃቄ ይዘህ እስከ ቤታችን፣ እስከ ሞላሌ ድረስ መጣህ። መኪናው ውስጥ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ እያለቀስኩ ነበር፤ አንተ ደግሞ አንድ ነገር እያቀድክ እንደሆነ ከግንባርህ ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ውሃ ተጥዶ፣ ገበቴው ወጥቶ፣ ከሽመናው የወረደ ጥሬ የሱፍ ባና ታጥፎ ገብቶበት አገኘሁ። አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ ትጠብቀኛለህ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩህ።

«ሐኪሙ ትርገጥ ብሏል» አልከኝ፣ እንደ ትእዛዝ ፈጻሚ ኮራ ብለህ።

አባዬ፣ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ የሳቅኩት ያኔ ነው። እግሯ መሬት ይርገጥ፣ ክብደቷን ትጣልበት ማለቱ እንጂ ባና ትርገጥ ማለቱ እንዳልሆነ ስነግርህ ጎንበስ ብለህ ገበቴውን አየህ። ከዚያ በጣም ረጋ ብለህ «ገበቴውስ መሬት ላይ አይደለም እንዴ ያለው?» አልከኝ።

ምርኩዜን አስደግፌ ተቀመጥኩ።

የመንዝ ሰው ካልሆነ አያውቀው ይሆናል፤ ባና የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ ነው፣ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ግን ገና ባና አይደለም። በክሩና በክሩ መሀል ብርሃን ያሳልፋል፣ ብርድም ያሳልፋል። ሞቅ ያለ ውሃ እየተጨመረበት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በእግሩ ይረግጠዋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይቀበላል፣ ያኛው ሲገፋ ይሄኛው ይቀበላል፤ ሱፉ ሱፉን ይዞ አልላቀቅም እስኪል ድረስ። ከእማዬ ጋር ትረግጡ የነበረውን በልጅነቴ አይቻለሁ። እሷ ካረፈች በኋላ ያገኘኸውን ጎረቤት እየለመንክ ታስረግጥ ነበር። አሁን ግን ተራው የእኔ ሆነ፤ ያውም በሐኪም ትእዛዝ።

በቀጠሯችን ለሐኪሙ ስንነግረው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ወንበር ስቦ እንዴት እንደምንቀመጥ አሳዩኝ አለ። መቀመጫዬ ከፍ እንዲል፣ ወገቤን ጎንበስ እንዳላደርግ፣ እግሬን እንዳላጣምር፣ ሲያመኝ እንዳቆም ነገረን፤ «ከዚያ ውጭ ቀጥሉ» አለን። አንተ በዚያው ሳምንት የእኔን ወገን መደብ ድንጋይና ጭቃ ጨምረህ ከፍ አደረግከው። እኔ እንደ ንግሥት ከላይ፣ አንተ ከታች። «ዙፋንሽ ላይ ውጪ» ትለኝ ነበር።

እግርህ ይናገር ነበር፣ አባዬ። ተረከዝህ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጠቀ ነበር፤ በውሃው ውስጥ በባናው በኩል ይሰማኛል። ደክሞህ ከሆነ ገና ሳትናገር በእግርህ አውቀዋለሁ። አንተም ሕመሜን በእግሬ ታውቀዋለህ፤ ሳልነግርህ ግፊትህን ታላላለህ። ስሰንፍ ደግሞ አትምረኝም። አንገትህን ዘንበል አድርገህ፣ መዳፍህን ጆሮህ ላይ አድርገህ «አልሰማሁሽም» ትለኛለህ። በእግሬ የምናገር ይመስል። እኔም በንዴት እገፋለሁ። «እ? ከዚሁ ከሞላሌ ነው ወይስ ከቀየት የምትጣሪው? አልሰማሁሽም!» እገፋለሁ። አንድ ቀን በኃይል ስገፋህ መደቡ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለህ «ሰማሁሽ! ሰማሁሽ! ጎረቤቱም ሰማሽ!» ብለህ የጮኽከው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።

እግሬም ይሰማ ጀመር። ያለ ምርኩዝ ከመደቡ እስከ በሩ መሄድ ቻልኩ። ብረቱ ያው የላላ ብረት ነው፤ እኔ ግን እየጠበቅኩ ነበር። ሐኪሙ ሲያየኝ «አሁን እንከፍተዋለን» እንዲለኝና በድጋሚ አዲስ እግር ይዤ ወደ ሥራ፣ ወደ ዓለም እንድሮጥ። ስንት ነገር ነበር ያቀድኩት። አንተም አንድ ቀን «በጣም አትሩጪ፣ ቁጭ ብለሽም መሮጥ ለምደሻል» ብለኸኛል።

ከዚያ ያ ሳል መጣ። ከባድ አልነበረም፣ ወይም እንዳልከበደህ አስመሰልክ። የመጨረሻውን ባና ከሽመናው አውርደህ፣ አጥፈህ፣ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥከው። «ቅዳሜ እንረግጠዋለን» አልከኝ።

ቅዳሜ ዕለት ግቢያችን በለቀስተኛ ተሞላ።

እስከ አርባህ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያው ተመለሰ። አይፈረድበትም። እኔ ግን ያን ባና አልነካሁትም። ተጠቅልሎ እዚያው ጥግ ቁጭ። ስገባም ስወጣም አየዋለሁ። ቅዳሜ እንረግጠዋለን ያልከኝን ባና ከማን ጋር ልርገጠው? ፊት ለፊቴ ያ ዝቅ ያለው መደብ ባዶውን ነው። ሌላ ሰው እግሩን አንተ እግርህን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ሲያደርግ ማየት የማልችል መሰለኝ።

መርገጥ ሳቆም እግሬም አቆመ። ቀስ እያለ፣ ሳይታወቀኝ። ከመደቡ እስከ በሩ ያለ ምርኩዝ እሄድ የነበረው ቀረ። ከዚያ አንድ ምርኩዝ አልበቃ አለኝ። የሐኪም ቀጠሮዬ እየቀረበ ነበር። ጡንቻው ከሟሸሸ የቀዶ ጥገናው በር እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ አውቄም ጠዋት ተነስቼ ግድግዳ አያለሁ።

ክረምቱ በተለይ ከበደኝ። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስወጣ ነጎድጓድ ይዞ ዘነበና በረንዳው ሥር ከሰው ጋር ተጠለልኩ። አንድ አዛውንት አዩኝ፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ። «ልጄ፣ ክፉ አይደለም ያሰብኩት፤ ብረት ስላለብሽ ነው፤ መብረቁ እንዳይስበን ትንሽ ፈንጠር በይ» አሉኝ። ሌሎቹም ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ትዝ አለኝ፤ አንተ እያለህም ይኸው ነገር ሲነሳ እጄን ይዘህ መሀል አስቀምጠኸኝ «መብረቅ ብረት ቢያምረው ኖሮ የአገሩን ማረሻ ሁሉ ትቶ የኔን ልጅ ይመርጣል?» ብለህ ሰዉን አስቀህ ነበር። አሁን ያን የሚልልኝ የለም። ራሴ ልለው አሰብኩና ተውኩት። በጠብታው ሥር ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ያን ቀን ያህል ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም፤ በሰው መሀል።

ቤት ገብቼ በንዴት ሥራ ጀመርኩ። አንድ ጋራዥ ከጣለው የመኪና ባሌስትራ፣ ከዚያ ጎብጦ ከሚመለሰው ብረት፣ አንዱን ወስጄ፣ ሳንቃ አስሬበት፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው በኩል ተከልኩት። ስገፋው ይሸሻል፣ ስለቀው ይመለሳል፤ በስሌት ትክክል ነው። በአሮጌ ጨርቅ ሞከርኩት። ሠራ። አባዬ፣ ሠራ ግን ምንም አይልም። ስደክም አያውቅም፣ ሲያመኝ አይላላም፣ ስሰንፍ አይቆጣኝም። ሁልጊዜ በዚያው ልክ ይመልሳል። ሁለት ሳምንት ያህል ታገልኩት። አንድ ቀን «አልሰማሁሽም» ይለኝ እንደሆነ ብዬ እግሬን ላላ አድርጌ ጠበቅኩ። ሳቅ ካለህ ሳቅብኝ። ብረት ነው፤ ዝም አለ።

እትዬ በላይነሽ ያን ሰሞን ነው የመጡት። ታውቃቸዋለህ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት፣ ቅመም የሚሸጡት፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዝም ማለት የረሱት። ያ የብሎን ቀልድም መጀመሪያ የወጣው ከእሳቸው አፍ ነው፤ አልካዱም። ሬዲዮናቸውን እንድጠግንላቸው ይዘው ሲገቡ ባሌስትራውን አዩ። ዞረው ዞረው አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ለባና መርገጫ።»

«እንዲህ ነው! እግርም ከጋራዥ ይመጣል በዚህ ዘመን?» ብለው ሲስቁ እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ጥግ ያለውን ጥቅል አይተው ሳይጠይቁኝ ጫፉን ገለጡት። «ይሄን ብል እየበላው ነው» አሉ።

አውቃለሁ፣ ጮህኩባቸው። አንድም ሰው እንዳይነካው አልኳቸው። እትዬ በላይነሽ ሬዲዮናቸውን ትተው ወጡ። ከሄዱ በኋላ ጥቅሉን ፈታሁት። እውነታቸውን ነው። መሀሉ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለ፣ ዙሪያው ብናኝ ሆኗል። ያልተረገጠ ሱፍ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ብል ቶሎ ይገባበታል ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ላንተ ብዬ ያስቀመጥኩትን እኔው ለብል ሰጥቼዋለሁ። ዳሌዬንም እንደዚሁ።

ሬዲዮኑን ሠራሁትና ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ጭቃ ነበር፣ አንድ እጄ ምርኩዝ፣ አንድ እጄ ሬዲዮ። በራቸው ላይ ስደርስ ላብ አጥምቆኛል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ።

«እትዬ፣ እግርዎን ያውሱኛል?» አልኳቸው።

አዩኝ። ጭቃዬን፣ ላቤን፣ ሬዲዮናቸውን አዩ። «በምላሹ ያን ብረትሽን ታውሺኛለሽ?» አሉኝና ነጠላቸውን አነሱ።

ባሌስትራውን ነቅለን አወጣነው። ውሃውን እሳቸው አሞቁ። የብል ቀዳዳዋን በሱፍ ክር ሰፍቼ ያዝኳት። እሳቸው ያንተ መደብ ላይ ሲቀመጡ ፊቴን አዞርኩ። እግራቸው ወደ ገበቴው ሲገባ ቀዝቃዛ ነበር፣ ትንሽም ነበር፣ ተረከዛቸውም ለስላሳ ነው። ባንተ ቦታ እንግዳ እግር። ገፉኝ፤ ኃይለኛ ናቸው። ያወራሉ፤ ስለ በርበሬ፣ ስለ ቄሱ በቅሎ፣ ስለ ምኑ። ሲያመኝ አያውቁም። ካንተ ጋር አመመኝ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ታውቅልኝ ነበርና። ለእሳቸው ግን መናገር ነበረብኝ። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ያመኛል» ስል ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ቆሙ። «እንዲህ ብትይኝ ምን አለ? እኔ ጠንቋይ ነኝ?» ብለው ግፊታቸውን አላሉልኝ።

ያኔ አለቀስኩ። ውሃው ተፈናጥሮ ዓይኔ ገባ አልኳቸው። «የባና ውሃ ያቃጥላል» አሉኝ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ደሞ እግርሽ እግሬ ላይ ሆኖ አንቱ አትበይኝ፤ ያስቀኛል» አሉ። እስካሁን አፌ በደንብ አልለመደም። ገበቴው ላይ ስንሆን አንቺ ይላል አፌ፤ ውጪ ስንወጣ ወደ አንቱ ይመለሳል። ሳስበው ከዚህ በፊት እንዲህ የምለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላቋረጥንም። ባናህ ተረግጦ አልቋል፣ አባዬ። ጠቦ፣ ወፍሮ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ሆኗል። የብሉ ቀዳዳም ሱፉ ከሁሉም በኩል እየመጣ ያዘው፤ ፈጽሞ አልጠፋም፣ በጣት ስትዳስሰው ይታወቃል። እኔ ግን ቦታውን ስለማውቀው ነው።

ቀጠሮዬም ደረሰ። ብቻዬን ሄድኩ። መኪናው ባዶ ባይሆንም አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ሰው ሳይቀመጥበት ብዙ ሄድን፤ ያንተ ቦታ መሰለኝና ቦርሳዬን አላስቀመጥኩበትም። ሐኪሙ ያው ሐኪም ነው። እንዳየኝ «እየረገጥሽ ነው?» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ «አባትሽስ?» አለ። ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ «ገበቴዋስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ስለ ባሌስትራው፣ ስለ እትዬ በላይነሽ አወራሁት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ባንተ የቀብር ሰሞን ሐኪም ቤት ውስጥ እስቃለሁ ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ ራጁን ሰቀለ። ብረቱ ያው ነው። አጥንቱ ሳስቷል፣ አይከፈትም። አሁን ብቻ ሳይሆን ምናልባትም ጭራሽ። ሊያባብለኝ አልሞከረም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ እግሬን ይዞ ግፊ አለኝ። ገፋሁት። በድጋሚ ግፊ አለኝ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «ብረቱን የያዘው አጥንቱ አይደለም። ጡንቻሽ ነው የያዘው። ይሄን ካላቆምሽ ገና ብዙ ይይዘዋል» አለኝ።

ስመለስ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ልንገርህ። ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። የምጠብቀው አዲስ እግር የለም። ያን ሁሉ ጊዜ «ከዚያ በኋላ» እያልኩ ያስቀመጥኩት ሁሉ ከዚህ እግር ጋር፣ ከዚህ ምርኩዝ ጋር የሚሆን ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነም አይሆንም። ይህን የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ላንተ ነገርኩህ፣ በልቤ። አልመለስክልኝም። ጉሙም አልመለሰልኝም። ብቻዬን መሆኔን ያን ጊዜ ተቀበልኩት መሰለኝ፤ እንደ ብርድ፣ ለብሰህ እንደምትወጣበት እንጂ እስኪያልፍ እንደማትጠብቀው።

ቤት ስገባ በሬ ላይ አንድ ሴት ያልተረገጠ ባና ተሸክማ ቆማለች። «ከዘመሮ ነው የመጣሁት፤ እዚህ የሚረግጡ ሰዎች አሉ ብለውኝ» አለችኝ። እትዬ በላይነሽ ናቸው ያስወሩት፣ ሌላ ማን ይሆናል? ያን ቀን ተጨማሪ ውሃ ጣድን። አሁን ጥጉ ላይ የሰው ባና ተደርድሯል። እኔም ለሁለት ሰው የሚሆን፣ መቀመጫው እንደየሰዉ ዳሌ ከፍ ዝቅ የሚል መደብ እየነደፍኩ ነው። ባሌስትራው ከመቀመጫው ሥር ገብቷል። እዚያ ዝም ማለቱ ጥሩ ነው። ሥራ ማመልከቱንም አልተውኩም፤ ቃለ መጠይቅ ሲጠሩኝ «እንዴት ታደርጊዋለሽ?» ካሉኝ አሁን መልስ አለኝ። ሳያሰናብቱኝ እንዲሰሙኝ አደርጋለሁ።

በሙት ዓመትህ ባናህን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ መቃብርህ እመጣለሁ። ያለ ምርኩዝ ልመጣ ተመኝቼ ነበር፤ በምርኩዝ ነው የምመጣው። ሰው ፊት ነው፣ አንቱ እልሃለሁ፤ እንዳይከፋህ። ሰው ሲበተን አንተ እልሃለሁ።

ስለ መርሳት እንዳታስብ። ሌላ ሰው ፊቴ ይቀመጥ፣ ሌላ እግር ይግፋኝ፤ ቅዳሜ ውሃው ሲሞቅ፣ ከማንም በፊት፣ ፊት ለፊቴ ያለው መደብ ገና ባዶ ሳለ፣ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ የምገፋው ላንተ ነው። እትዬ በላይነሽ ያውቃሉ፤ ያን አንዷን እስክጨርስ እግራቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ውሃው ሞቋል። እማዬን ሳምልኝ።

ይኸው ገፋሁ፣ አባዬ። በሙሉ ኃይሌ ነው።

ሰማኸኝ?

ልጅህ ጥሩወርቅ
ሞላሌ